ባንኩ ለእናንተ ዕዳ አለበት

ባንክ ውስጥ ብር ያለው ሰው ሁሉ አበዳሪ ነው። ይህን ደሴም ኮምቦልቻም ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ። «እኔ ደግሞ ባንክን ላበድር?» ብሎ የሚገረም አይጠፋም። አዎ፣ እያበደረ ነው። ደመወዛችሁ ሒሳባችሁ ውስጥ ሲገባ ባንኩ የእናንተ ተበዳሪ ይሆናል። ስልካችሁ ላይ የምታዩት ቁጥር በስማችሁ ታስሮ ካዝና ውስጥ የተቀመጠ ብር አይደለም። ባንኩ ስትጠይቁት ሊከፍላችሁ የሚገባ ዕዳ ነው።

ይህች ነገር ከገባችን ስለ ባንክ የሚያደናግረን አብዛኛው ነገር መልክ ይይዛል። ወለድ ለምን ይከፈላል? እቁብ ይሻላል ባንክ? ልጄ ከዓረብ ሀገር የምትልከውን በማን ስም ላስቀምጥ? ለሁሉም መነሻው አንድ ጥያቄ ነው። ማን ለማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ ዕዳ አለበት?

ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነው። ደሴ ፒያሳና አራዳ ያሉ ሱቆች፣ ኮምቦልቻም ጥቂት ጋራዦችና መጋዘኖች ደንበኞቼ ናቸው። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው በሐረጎ ዳገት ሽቅብ ቁልቁል መመላለስ የኑሮዬ አካል ነው። ሚኒባስ ውስጥ ሥራዬን የሰማ ሰው ጥያቄ አያጣም። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የወጡ ልጆች የመጀመሪያ ደመወዛቸውን በኤቲኤም አውጥተው፣ «ለምን ተቆረጠብን?» ይሉኛል። ሰኞ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ እናት፣ «ብድር ሲሰጡኝ ስንት እንደምከፍል አልገባኝም» ትላለች። ጥያቄዎቹ ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ባንክ መስኮት ላይ ግን ወረፋ አለ፤ ከኋላ የሚገፋ አለ። «እዚህ ጋ ፈርሚ» ትባላለች፣ ትፈርማለች። ይኼ ያሳስበኛል። እዚህ የምጽፈውም ለነሱ ነው።

ከከባዱ ልጀምር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛ ጋ ደረሰ። ደሴና ኮምቦልቻ በጥቅምት ወር ተያዙ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻም በዚያው ቆዩ። ባንኮች ተዘጉ። ብዙ ሰው በእግሩም በመኪናም ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ሸሸ። ያን ሰሞን ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ ይህ ነበር፤ «የደሴው ቅርንጫፍ ከተዘረፈ የኔ ብር አለቀ ማለት ነው?»

አላለቀም። የደሴው ቅርንጫፍ መስኮት ነው። ዕዳው ያለበት መላው ባንክ ነው። የእናንተ ሒሳብ መዝገብ የሚገኘው በባንኩ ማዕከላዊ ሥርዓት ውስጥ ነው። ካዝና ተሰብሮ የተወሰደ ጥሬ ብር የባንኩ ኪሳራ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። አዲስ አበባ የደረሰ ሰው መታወቂያውን ይዞ ከሌላ ቅርንጫፍ ማውጣት የቻለው ለዚህ ነው። ፍራሽ ሥር ወይም ሣጥን ውስጥ የተተወ ብር ግን ባለዕዳ የለውም። ከጠፋ ጠፋ። ማንም አይተካውም።

ነገሩ ሌላ ገጽም አለው፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ልክ አይሆንም። ከተማ ውስጥ የቀረው ሰው ሒሳቡ ውስጥ ያለው ብር ዳቦ አልገዛለትም። ባንኩ ዝግ ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ ኤቲኤም አይሠራም። ዕዳ የሚከፈለው ተከፋዩ ከፋዩን ሲያገኘው ነው። ስለዚህ የሳምንት ሁለት ሳምንት አስቤዛ የሚሆን ጥሬ ብር ቤት ውስጥ የሚያስቀምጡ ሽማግሌዎችን ኋላቀር ማለት አይገባም። ልክ ናቸው። ጥሪቱን በሙሉ ቤት ማስቀመጥ ነው አደጋው።

ደግሞ ባንክ ለደሴ እንግዳ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክን የተካው የኢትዮጵያ ባንክ ሲቋቋም ቅርንጫፍ ከነበራቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች፤ ከድሬዳዋ፣ ከሐረር፣ ከጎሬና ከደብረ ታቦር ጋር። የንግድ ከተማ ስለሆነች ነው። ባንክ የሚሄደው ብር ወደሚዘዋወርበት ነው።

እሺ፣ ባንኩ ከኛ ተበድሮ ምን ያደርግበታል? ያበድረዋል። ከእናንተ በ7 በመቶ የወሰደውን፣ እንበል በ18 በመቶ ለአንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ይሰጣል። በመካከል ያለችው 11 በመቶ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የሕንፃ ኪራይና ብድሩን ሳይመልስ የሚቀር ሰው ኪሳራ ይሸፈንባታል። የተረፈው የባለአክሲዮኖቹ ትርፍ ነው። ወለድ የሚከፈላችሁ ባንኩ ስለሚወዳችሁ አይደለም። ብራችሁን ስለሚሠራበት ኪራይ እየከፈለ ነው።

ይህ እንዲሠራ አንድ ነገር መኖር አለበት። አስቀማጮች ሁሉ በአንድ ቀን ብራቸውን ሊያወጡ አይመጡም። ባንኩ ለዕለት የሚፈለገውን ያህል ጥሬ ብር ይዞ፣ የተወሰነውን ብሔራዊ ባንክ አስቀምጦ፣ ሌላውን ያበድራል። ሁሉም ሰው በአንድ ጠዋት ቢሰለፍ በዓለም ላይ የትኛውም ባንክ ጥሬ ብር ያጥረዋል። ወሬ ባንክን የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው። ያለ ማስረጃ «እገሌ ባንክ ሊዘጋ ነው» ብሎ በቴሌግራም መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ባንክ ቢወድቅስ? ለዚህ የተቀማጭ ገንዘብ መድን የሚባል ነገር በሀገራችን ተቋቁሟል። ባንኮችና ማይክሮፋይናንሶች መዋጮ ይከፍላሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ፈንዱ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ በአንድ ተቋም እስከ 100,000 ብር ይከፍላል። ከዚያ በላይ ያለው የባንኩ ንብረት ተሽጦ ነው የሚጠበቀው። በቅርብ ዓመታት እዚህ የወደቀ ባንክ ስላላየን ሰው ነገሩን አያስበውም። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን አንድ ባንክ ብቻ ውስጥ ላስቀመጠ ሰው ግን ይህን ቁጥር እነግረዋለሁ።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። በ2010 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107,000 ብር አገኘ፤ ያውም ከወለዱ ላይ ግብር ሳይቆረጥ። በ100,000 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 130,000 ብር ገብቷል። ብሩ በቁጥር 7,000 ጨመረ፤ በዕቃ ሲለካ ግን ሰውየው ደኸየ። አንድም ሰው ኪሱ አልገባም፣ አንድም ሰው አላጭበረበረውም። ዕዳው በብር ነው የተጻፈው፣ በጤፍ አልተጻፈም።

ቀላል ስሌት ላሳያችሁ። 72ን ለዓመቱ ወለድ አካፍሉት። የምታገኙት ቁጥር ብራችሁ እጥፍ ለመሆን የሚፈጅበት ዓመት ነው። 72 ለ7 ሲካፈል ከ10 ትንሽ ያልፋል። በ7 በመቶ የተቀመጠ ብር፣ ወለዱም ካልተነካ፣ እጥፍ የሚሆነው በ10 ዓመት ገደማ ነው። ስሌቱ ለዋጋም ይሠራል። ዋጋ በየዓመቱ 18 በመቶ ቢንር በ4 ዓመት እጥፍ ይሆናል። ይህን ለልጆቻችሁ አስተምሯቸው። ካልኩሌተር እንኳ አይፈልግም።

«ታዲያ ባንክ ማስቀመጥ ይቅር?» የሚል ሰው አለ። አይቅር። ለስድስት ወር ዓመት የምትፈልጉት ብር፣ የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው፣ የክፉ ቀኑ ብር ቦታው ባንክ ነው። ለሦስት ለአራት ዓመት የማይነካ ጥሪት ግን በተራ የቁጠባ ሒሳብ ተኝቶ ሳየው ያሳዝነኛል። ቢያንስ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ጠይቁ። ብሩን ለተወሰነ ጊዜ ላለማውጣት ትስማማላችሁ፣ ባንኩም የተሻለ ወለድ ይከፍላል። ወለዱ በድርድር ነው። ብዙ ሰው መደራደር እንደሚቻል አያውቅም። ሰኞ ገበያ ላይ በአንድ ኪሎ ሽንኩርት የሚከራከር ሰው ባንክ ሲገባ ዝም ይላል!

አክሲዮን ደግሞ ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ትንሹን ግዢ 33 አክሲዮን ወይም 9,900 ብር አድርጎ ለሕዝብ ሸጧል። በዚያው ዓመት ጥር ላይ አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያም አዲስ አበባ ተከፈተ። አክሲዮን የገዛ ሰው አበዳሪ አይደለም፣ ባለቤት ነው። ድርጅቱ ካተረፈ ይካፈላል፤ ካላተረፈ «ብሬን መልሱልኝ» የሚለው ባለዕዳ የለውም። ለሚቀጥለው ዓመት የልጅ ሠርግ የተቀመጠን ብር አክሲዮን ውስጥ ማስገባት አልመክርም።

እዚህ ደሴ ብዙ ደንበኞቼ ወለድ አይነኩም። ድሮ ሒሳብ ከፍተው «ወለዱን አታስቡብኝ» ብለው ይፈርሙ ነበር። ከዚያ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ከፈቱ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ዘምዘም ቀደመ፣ ሂጅራ ተከተለ። ብዙ ሰው ግን ሁሉንም ከወለድ ነፃ ሒሳብ እንደ አንድ ያየዋል። ልዩነት አለው። ወዲዓ የሚባለው አደራ ነው፤ ያስቀመጣችሁት ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመለሳል፣ ባንኩ ዕዳ አለበት። ሙዳራባ ግን ሽርክና ነው። ብሩ የእናንተ፣ ሥራው የባንኩ ነው። ትርፉን አስቀድማችሁ በተስማማችሁበት ድርሻ ትካፈላላችሁ። ኪሳራ ቢመጣና ጥፋቱ የባንኩ ካልሆነ ግን የሚቀንሰው የእናንተ ብር ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሒሳቡ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። በብድር ፈንታ ደግሞ ሙራባሃ አለ። ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ነግሯችሁ፣ በየወሩ እንድትከፍሉ ይሸጥላችኋል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ አይጨምርም። ይህን ግልጽነት ሁሉም ብድር ቢኖረው ደስ ይለኝ ነበር።

እቁብን አጥብቄ እወዳለሁ። እቁብ ባይኖር የደሴ ግማሹ ሱቅ ባልተከፈተ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሰው ብቻውን የማይቆጥበውን ያስቆጥባል። ይሉኝታው ራሱ ያስቆጥባል፤ ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤት ፊት «የለኝም» ማለት ይከብዳል። ግን እቁብም ብድር ነው፤ በቁጥር እንየው።

12 ሰው በወር 2,000 ብር ይጥላል እንበል። ዕጣው 24,000 ብር ነው። የመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው 2,000 ጥሎ 24,000 ወሰደ። 22,000 ብር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ በ11 ወር ይመልሳል። ባንክ እንዲህ ያለ ብድር አይሰጠውም። መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ሰው ደግሞ 11 ወር ሙሉ ለጓደኞቹ እያበደረ ቆይቶ የራሱን 24,000 ይወስዳል። በየወሩ 2,000 ብሩን በ7 በመቶ ባንክ ቢያስገባ ኖሮ ወደ 770 ብር ወለድ ያገኝ ነበር። የዋጋው መናር ደግሞ ከዚህ በላይ ነው። በመጀመሪያው ወር በ24,000 ብር የሚገዛው በ12ኛው ወር በዚያው ብር አይገዛም።

ስለዚህ እቁብ ሲጀመር ራሳችሁን ጠይቁ። ብሩን የምፈልገው ለምንድን ነው? ዕቃ አስገብቶ የሚሸጥ ነጋዴ ከሆናችሁ ቀድሞ መውጣቱ ትልቅ ጥቅም አለው። እንዲሁ ለማጠራቀም ከሆነ ቀድሞ የወጣውን ሰው እየረዳችሁ መሆኑን ዕወቁት። መርዳቱ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ዐውቆ ይሁን።

ዕጣ መሸጥም አለ። ዕጣው የወጣለት ሰው ተራውን ለቸኮለ ሰው ይሰጥና ትንሽ ይቀበልበታል። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው፣ ተራው 12ኛ ለሆነ ጓደኛው 2,000 ብር ተቀብሎ ለቀቀለት እንበል። ገዢው ከ11 ወር በኋላ ያገኝ የነበረውን 24,000 ትቶ ዛሬ 22,000 በእጁ አስገባ። ይህ በዓመት ሲታሰብ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። 2,000 ብሩ 5,000 ቢሆን ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ 19,000 ይዞ 24,000 መክፈል ከየትኛውም ባንክ ብድር ይከፋል። ቁጥሩን ሳያሰሉ «ትንሽ ነገር ልስጥህ» መባባል ሰውን ይጎዳል።

አንድ ምክር አለኝ። የእቁብ ደብተር የሚገኘው በአንድ ሰው እጅ ነው። በየዙሩ ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ዳኛውን መጠርጠር አይደለም። ቤት ይቃጠላል፣ ሰው ይሰደዳል፣ ደብተር ይጠፋል። እኛ ይህን አይተናል።

ብድር ላይ ሰው የሚጠይቀው «በስንት ፐርሰንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ጎደሎ ነው። 100,000 ብር ለአንድ ዓመት በ18 በመቶ ተበደራችሁ እንበል፤ በየወሩ ትከፍላላችሁ። አንዱ አበዳሪ ወለዱን በቀሪው ዕዳ ላይ ያሰላል። በየወሩ ዕዳው ሲቀንስ ወለዱም ይቀንሳል። ወርኃዊ ክፍያው ወደ 9,170 ብር ይሆናል፤ የዓመቱ ወለድ በጠቅላላ 10,000 ብር ገደማ ነው። ሌላው አበዳሪ ደግሞ «ፍላት» በሚባለው ያሰላል። የዓመቱን 18,000 ብር ወለድ በመጀመሪያው ቀን ይደምረውና 118,000ን ለ12 ያካፍለዋል። በወር 9,833 ብር። ሁለቱም 18 በመቶ ይባላሉ። ልዩነቱ 8,000 ብር ነው። ለአንዲት በርበሬ ነጋዴ 8,000 ብር ማለት ምን እንደሆነ ለደሴ ሰው አልነግርም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በፍላት አሰላል የመለሳችሁት ብር ላይም ወለድ ትከፍላላችሁ። በስድስተኛው ወር ግማሹን መልሳችኋል፤ ወለዱ ግን ዛሬም በ100,000 ላይ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠይቁ። ወለዱ የሚሰላው በመጀመሪያው ብድር ነው በቀሪው? እስከ መጨረሻው በጠቅላላ የምከፍለው ስንት ነው? ቀድሜ ብጨርስ ይቀነስልኛል? መልሱን በወረቀት ይስጧችሁ። ለመስጠት የሚያቅማማ አበዳሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ዘንድ ሂዱ።

ዋስትናም ቀላል አይደለም። ቤት አስይዞ የተበደረ ሰው ካልከፈለ፣ በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፣ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። ቤት የሌለው ሰው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ አለለት። ማሽን፣ የመጋዘን ዕቃ፣ ከብት ሳይቀር ዋስትና ሊሆን ይችላል። ለወሎ ገበሬና ለኮምቦልቻ ወርክሾፕ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ግን አልሰማም። ለሰው ዋስ የምትሆኑም አስቡበት። ዋስ ማለት ምስክር ማለት አይደለም። ተበዳሪው ካልከፈለ ባለዕዳው እናንተ ናችሁ።

ስለ ቼክ አጭር ቃል። ፒያሳ ላይ ቀኑ ያልደረሰ ቼክ ለመተማመኛ መስጠት የተለመደ ነው። እባካችሁ ተዉት። በሒሳቡ ውስጥ በቂ ብር የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስከስሳል። «ለመተማመኛ ነው የሰጠሁት» ብሎ ማምለጥ ከባድ ነው። ትልቅ ክፍያ ስትቀበሉ ሲፒኦ፣ ማለትም ባንኩ ራሱ የሚያወጣውን የክፍያ ማዘዣ፣ ጠይቁ፤ እሱ የባንኩ ራሱ ቃል ነው፣ ብሩ ቀድሞ ከከፋዩ ሒሳብ ወጥቷል። በስልክ ለሚከፍላችሁ ሰውም ስክሪንሾት አትመኑ። የራሳችሁን ሒሳብ ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን እዩ፣ ከዚያ ዕቃውን ስጡ። የሚስጥር ቁጥር በስልክ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ የባንክ ሠራተኛ አይደለም፤ ምንም ያህል በትሕትና ቢያወራ።

የመጨረሻው ጉዳይ ለኔ ከሁሉ ይበልጣል። ወሎ ውስጥ ልጅ ወደ ዓረብ ሀገር ያልላከ ሰፈር የለም። ልጅቷ ትሄዳለች፣ ትሠራለች፣ ትልካለች። የምትልከው በወንድም ወይም በአጎት ሒሳብ ይገባል። ከዓመታት በኋላ ትመለሳለች። ቤት ተሠርቷል፣ ካርታው ግን በሌላ ሰው ስም ነው። ወይም ብሩ አልቋል፣ ምን ላይ እንደዋለ የሚነግራት የለም። ባንክ ሄዳ ብትጠይቅ መልስ አታገኝም። ለባንኩ ባለገንዘቡ ስሙ የተጻፈው ሰው ነው። ባንኩ ዕዳ ያለበት ለወንድሟ ነው። ላቧ የሷ መሆኑን መዝገቡ አያውቅም።

አንዲት እናት ልጃቸው ልትሄድ ስትሰናዳ ኮምቦልቻ መጥተው አማከሩኝ። ብሩ በልጅቷ ስም ይግባ ስላቸው ደነገጡ።

«አይ ልጄ፣ በስሟ ከተቆለፈ እኔስ ምን እበላለሁ?»

«እማማ፣ ሁለት ሒሳብ ይሁን» አልኳቸው። «የአንቱ የወር አስቤዛ በአንቱ ደብተር ይግባ። የሷ ጥሪት በሷ ይቀመጥ። ስትመለስ ባዶ እጇን እንዳትሆን።»

«እሱማ ልክ ነው። ወንድሟ ቅር ይለዋል እንጂ።»

«ቅር ቢለው አሁን ይሻላል።»

ትንሽ አሰቡና «አብሽር፣ እነግረዋለሁ» አሉ።

የውጭ ምንዛሪውም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የላከችው ሁሉ በብር ተመንዝሮ የተቀመጠባት ልጅ፣ ጥሪቷ በዶላር ሲታሰብ በአንድ ወር ወደ ግማሽ ወረደ። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ለነበራት ግን ዕዳው የተጻፈው በዶላር ነው። ያኔ የወጣው ደንብ ከውጭ የተላከለት ነዋሪም በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ፈቅዷል። ስለዚህ ባንክ ስትሄዱ ይህንንም ጠይቁ። አንድ ነገር ግን አስቡ፤ በመንገድ ዳር መንዛሪ የሚመጣ ብር ጥሩ ዋጋ ቢኖረውም በስሟ የተመዘገበ ምንም ማስረጃ አይተውላትም።

ልጅቷ ከመሄዷ በፊት የሚደረገው ብዙ አይደለም። ፋይዳ መታወቂያ ታውጣ። ሒሳቡን ራሷ ሄዳ፣ ራሷ ፈርማ ትክፈት። ሒሳቡ የተያያዘበት የስልክ ቁጥር ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል ሲም ካርዱን እናቷ ዘንድ ትተው፤ ካርድ ይሞላበት፣ አልፎ አልፎ ይደወልበት። የሚስጥር ቁጥሩን ግን ማንም አይወቅ። ውክልና መስጠት ካለባት ጠቅላላ ውክልና አትስጥ። ለምን ሥራ፣ ከየትኛው ሒሳብ፣ እስከ ስንት ብር የሚለው ተለይቶ ይጻፍ። ሐሳቧን ከቀየረች እዚያው ባለችበት ሀገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳ መሻር ትችላለች። በየስድስት ወሩ ባንኩ የሒሳብ መግለጫ በኢሜይል እንዲልክላት ትጠይቅ፤ ኢሜይል ከሌላት ከመሳፈሯ በፊት ይከፈትላት፣ አጠቃቀሙንም እህቷ ወይም ጓደኛዋ ታሳያት።